ከባላጡ ሥር የሚሄደው ሾፋጅ፦ ለአንድ ክፍል ስንት ሙቀት ይበቃል?



ታኅሣሥና ጥር ሀገር ቤት በጋ ነው፤ አዝመራው ተሰብስቦ አውድማ ላይ የሚወቃበት ጊዜ። እዚህ ሊባኖስ ግን ዋናው ክረምት ነው። ቤይሩትና በባሕሩ ዳር ያላችሁ ከዝናቡና ከእርጥበቱ በቀር ብርዱ ያን ያህል ላይከብዳችሁ ይችላል። በተራራው፣ በፋራያና በብሸሪ፣ ወይም በበቃዓ በኩል በዛሕሌ የምትሠሩ ግን ሌሊቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ በረንዳ ላይ ያደረ ልብስ ጠዋት እንደ ጣውላ ድርቅ ብሎ ሲገኝ አይታችኋል።

በዚህ ወቅት ከቅዳሴ በኋላ ደጋግመው ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች ሁለቱ ስለ ቤት ማሞቂያ ናቸው። አንደኛው፦ «ቤቱ ሁሉ ከሥር ይሞቃል፣ ሳሎኑ ላይ በባዶ እግር ይኬዳል፤ የእኔ ክፍል ግን በረዶ ነው። ለምንድን ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው፦ «ሾፋጁ እየሠራ ሳሎኑ አልሞቅ ሲል ማዳም አንቺ ነክተሽው ነው ትለኛለች» የሚል ነው። ለሁለቱም መልሱ ያለው በአንድ ሒሳብ ውስጥ ነው። እኛ መሐንዲሶች አይደለንም፤ ነገር ግን ሒሳቡ ከመደመርና ከማባዛት፣ መጨረሻ ላይም ከአንድ ማካፈል አያልፍም። ስድስተኛ ክፍል የደረሰ ሰው ይሠራዋል፤ ያልደረሰችም ጓደኛዋ ብታነብላት ትከታተለዋለች።

ነገሩ ምንድን ነው?

በብዙ የሊባኖስ ቤቶች ሾፋጅ የሚባለው በግድግዳ ላይ የተሰቀለው ብረት ነው። በአንዳንድ አዳዲስ ቤቶችና ቪላዎች ግን ብረቱ የለም። የፕላስቲክ ቱቦ ከባላጡ ሥር፣ በሲሚንቶው ውስጥ፣ እንደ ጠመዝማዛ መንገድ ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ ይሄዳል። በአንዱ መስመርና በሚቀጥለው መካከል 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተዋል። በቱቦው ውስጥ ለብ ያለ ውኃ ይዞራል፤ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ገደማ። የግድግዳው ብረት ግን ብዙ ጊዜ 60 ወይም 70 ዲግሪ ውኃ ይፈልጋል። ወለሉ በለብታ የሚበቃው ስፋት ስላለው ነው፤ ትንሽ ብረት በኃይል ከሚተኩስ፣ ሰፊ ወለል በቀስታ ቢያሞቅ ይሻላል የሚል አሳብ ነው።

አሳቡ አዲስ አይደለም። ቤይሩት መሐል ከተማ፣ ከባንኮች ጎዳና ሥር፣ የሮማውያን መታጠቢያ ቤት ፍርስራሽ አለ። ወለሉ የተሠራው በአጫጭር የጡብ ምሰሶዎች ላይ ነበር፤ በምሰሶዎቹ መካከል ደግሞ ከምድጃ የሚመጣ ትኩስ አየር ያልፍ ነበር። እሳቱን ከውጭ ሆነው የሚቆሰቁሱት ባሪያዎች ነበሩ፤ ሙቀቱ የሌሎች ነበር። ይህን በማለፊያ አነሳነው እንጂ ወደ ሒሳባችን እንመለስ።

የሚያፈስ እንስራ

አንድ ክፍል ስንት ሙቀት ያስፈልገዋል ብሎ መጠየቅ፣ የሚያፈስ እንስራ ሙሉ ሆኖ እንዲቆይ ስንት ውኃ እንጨምርበት ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። መልሱ ቀላል ነው፤ የሚያፈሰውን ያህል። ብዙ ካፈሰ ብዙ፣ ጥቂት ካፈሰ ጥቂት። እንስራው ትልቅ ሆኖ ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ ጥቂት ይበቃዋል፤ ትንሽ ሆኖ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ቀኑን ሙሉ ብትቀዱለት አይሞላም። ስለዚህ መሐንዲሱ መጀመሪያ የሚጠይቀው ማሞቂያው ምን ያህል ጉልበት አለው ብሎ አይደለም። ሙቀቱ በየት በየት ይወጣል ብሎ ነው።

የሚፈሰው ሙቀት መለኪያ ዋት ይባላል። ዋትን ከምታውቁት ነገር ጋር ለማያያዝ፦ በየቀኑ የምትይዙት ካውያ 2,000 ዋት ያህል ይወስዳል። ተቀምጦ የሚያወራ አንድ ሰው ከሰውነቱ 100 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ ሲተኛ ከዚያ ያንሳል። በጠባብ ክፍል ብዙ ሰው ሲሰበሰብ የሚሞቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ሙቀት ከክፍል የሚወጣባቸው መንገዶች በዋናነት ሦስት ናቸው፤ በግድግዳ (ጣሪያው ሰማይ ላይ ከሆነ በጣሪያም)፣ በመስታወትና በአየር።

ለግድግዳ የሚሠራበት ቁጥር እንዲህ ነው። ከባዶ ብሎኬት ተሠርቶ የተለሰነ፣ በመካከሉ ምንም ሙቀት ከልካይ ነገር የሌለበት ግድግዳ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር፣ በውጭና በውስጥ መካከል ለእያንዳንዱ የአንድ ዲግሪ ልዩነት፣ 2 ዋት ያህል ያፈሳል። ባለ አንድ ንብርብር መስታወት ከዚያ ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 6 ዋት ያህል ያፈሳል። ድርብ መስታወት ወደ 3 ይወርዳል። ግድግዳው ውስጥ ሙቀት የሚከለክል ፎም የተደረገበት ከሆነ ከ1 በታች ይሆናል፤ ፎሙ ለግድግዳ እንደ ጋቢ ነው።

አየሩም እንዲሁ ይቆጠራል። በበርና በመስኮት ሥር ቀዝቃዛው ሲገባ ሞቃቱ ይወጣል። አንድ ሜትር ኩብ አየር በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ ሲለወጥ፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 0.33 ዋት ይወስዳል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ የክፍሉ አየር ግን ብዙ ሜትር ኩብ ነው።

እንግዲህ አንድ ክፍል እናስላ። ሳሎኑን ሳይሆን ከማእድ ቤት አጠገብ ያለችውን፣ ብዙዎቻችሁ የምታድሩባትን ትንሽ ክፍል እንውሰድ። ወርዷ 2 ሜትር፣ ርዝመቷ 3 ሜትር፣ ከፍታዋም 3 ሜትር ይሁን። ወለሏ 6 ካሬ ሜትር ነው። ወደ ውጭ የዞረው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው እንበል፤ እሱም 3 በ3፣ 9 ካሬ ሜትር፣ ከዚያ ውስጥ 1 ካሬ ሜትሩ መስኮት። ውጭ ዜሮ ዲግሪ፣ ውስጥ 20 ዲግሪ እንዲሆን ተፈልጓል። ልዩነቱ 20 ነው።

ግድግዳው፦ 8 ካሬ ሜትር ሲባዛ በ2 ሲባዛ በ20፣ 320 ዋት። መስኮቱ፦ 1 ሲባዛ በ6 ሲባዛ በ20፣ 120 ዋት። አየሩ፦ የክፍሉ ይዘት 2 ሲባዛ በ3 ሲባዛ በ3፣ 18 ሜትር ኩብ ነው፤ በሰዓት አንድ ጊዜ ቢለወጥ 18 ሲባዛ በ0.33 ሲባዛ በ20፣ ወደ 120 ዋት። ሲደመር 560 ዋት።

በውጭ ውኃ በሚረጋበት ሌሊት ይቺን ክፍል 20 ዲግሪ ላይ ለማቆየት የሚበቃው ይህ ነው፤ የአንድ ካውያ ሩብ ያህል። ይህን ቁጥር ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

ወለሉ ይችላል ወይ?

እስካሁን ያሰላነው ክፍሉ የሚያስፈልገውን ነው። ቀጥሎ የሚጠየቀው፣ ወለሉ ይህን ያህል መስጠት ይችላል ወይ ነው። ወለል ገደብ አለው። ሰው የሚኖርበት ክፍል ወለል ላዩ ከ29 ዲግሪ እንዳያልፍ ይደረጋል፤ ለመታጠቢያ ቤት እስከ 33 ይፈቀዳል። ከዚያ በላይ ከሆነ እግር ያብጣል፣ ሰውም ይጨነቃል። ወለሉ ከክፍሉ አየር በአንድ ዲግሪ ሲበልጥ ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 11 ዋት ያህል ይሰጣል። አየሩ 20፣ ወለሉ 29 ከሆነ ልዩነቱ 9 ነው፤ 9 ሲባዛ በ11፣ ወደ 100 ዋት። ስለዚህ ቦይለሩ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን አንድ ካሬ ሜትር ወለል ከ100 ዋት ገደማ በላይ አይሰጥም።

የትንሿ ክፍል 560 ዋት ለ6 ካሬ ሜትር ሲካፈል 93 ይሆናል። ከ100 በታች ነው፤ ይችላል።

አሁን ሳሎኑን እንይ። 5 በ6፣ 30 ካሬ ሜትር፤ ሁለት ግድግዳዎቹ ወደ ውጭ የዞሩ፤ መስታወቱ 8 ካሬ ሜትር፣ የቀረው ግድግዳ 25 ካሬ ሜትር። ግድግዳው 1,000 ዋት፣ መስታወቱ 960 ዋት፣ አየሩ ወደ 600 ዋት፤ ድምሩ 2,560 ዋት። ለ30 ሲካፈል 85 ይመጣል። ይህም ይችላል፤ በወረቀት ላይ።

በእውነተኛው ሳሎን ግን ትልቅ ቡፌ አለ፣ እስከ መሬት የሚደርስ ሶፋ አለ፣ ከሁሉም በላይ ሰጃዳው አለ። ቡፌውና ሶፋው 10 ካሬ ሜትር ቢይዙ ሙቀቱን በነጻ የሚሰጠው 20 ካሬ ሜትር ብቻ ይቀራል። 2,560 ለ20 ሲካፈል 128 ነው፤ ከገደቡ አለፈ። ሰጃዳው ደግሞ በሌላ በኩል ይመጣል። ባላጥ ሙቀትን በቀላሉ ያሳልፋል፤ ከውኃው ወደ ላይ 85 ዋት ሲያልፍበት የሚያስቀረው 2 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ወፍራም የሱፍ ሰጃዳ ከሥሩ ፎም ከተነጠፈበት ግን ያንኑ ሙቀት ለማሳለፍ ውኃው 12 ወይም 13 ዲግሪ የበለጠ መሞቅ አለበት። በሌላ አነጋገር ወለሉ ጋቢ ለብሷል።

ስለዚህ ክረምት ሲገባ ሰጃዳዎቹን አውርደሽ አንጥፊ ከተባለ በኋላ ሳሎኑ አልሞቅ ካለ፣ ማንም ምንም አልነካም። ማዳም ይህን ካልሰማች በትሕትና ማሳየት ይቻላል፤ ሰጃዳውን ለአንድ ቀን ጠቅልሎ ማየት በቂ ነው። በሊባኖስ ቤት ሰጃዳ በክረምት መነጠፉ የቆየ ልማድ ስለሆነ አታንጥፉ ማለታችን አይደለም። ስስ የሆነውን መምረጥ፣ ከሥሩ ያለውን ፎም ማውጣት ብዙ ይለውጣል።

የመጨረሻው ፎቅ ከሆነና ጣሪያው ባዶ ኮንክሪት ከሆነ ነገሩ ይከፋል። ጣሪያው ብቻውን ለዚያው ሳሎን 1,500 ዋት ያህል ሊጨምር ይችላል፤ ያን ጊዜ ወለሉ ለብቻው አይበቃም፣ ሌላ ማሞቂያ ይታከልበታል።

ስለ ሰዓት

አንዳንድ ማዳሞች ከቤት ሲወጡ ሾፋጁን አጥፊ፣ ልንመጣ አንድ ሰዓት ሲቀረን አብሪ ይላሉ። ለግድግዳው ብረት ይህ ይሠራል። ለወለል አይሠራም። ቱቦው የተቀበረበት ሲሚንቶ 6 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው፣ አንዱ ካሬ ሜትር 120 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ይህን ሁሉ ድንጋይ በ10 ዲግሪ ለማሞቅ፣ በ100 ዋት፣ ምንም ሳይፈስ ቢቀር እንኳ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። እየፈሰሰ ስለሆነ ግን ከዚያ ይረዝማል፤ ክፍሉ ፈጽሞ ቀዝቅዞ ከነበረ ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ በግድግዳው ላይ ያለችውን ተርሞስታት ሌሊት በሁለት ወይም በሦስት ዲግሪ ዝቅ ማድረግ እንጂ ጨርሶ ማጥፋት አይመከርም። ቶሎ ይሞቅልኝ ብሎ ቁጥሩን ወደ 30 መውሰድም አያፈጥነውም። ልክ እንደ ምጣድ ነው፤ የሸክላ ምጣድ እስኪሰማ ይጠብቁታል እንጂ አይቆጡትም።

ሕፃን ወይም አልጋ ላይ የሚውሉ አረጋውያን በምትጠብቁበት ቤት አንድ ነገር ልብ በሉ። ክፍት ሆኖ 28 ዲግሪ የሆነ ወለል፣ ወፍራም ፍራሽ ወይም ብርድ ልብስ ረጅም ሰዓት ሲጫንበት ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ከሥር ወደ ውኃው ሙቀት እየቀረበ ይሄዳል። ሕፃኑን ወለሉ ላይ አልብሶ ለብዙ ሰዓት ማስተኛት ጥሩ አይደለም። ፍራሻችሁን መሬት ላይ አንጥፋችሁ የምታድሩም፣ ከተቻለ ከወለሉ ከፍ የሚያደርግ ነገር አድርጉበት፤ ክፍሉም የበለጠ ይሞቃል።

የእኔ ክፍል ለምን ቀዘቀዘ?

ቱቦዎቹ ሁሉ የሚነሡት ከአንድ ሳጥን ነው፤ ኮሌክተር ይሉታል። ብዙ ጊዜ በመተላለፊያው ግድግዳ ውስጥ፣ ከነጭ ክዳን በስተጀርባ ነው ያለው። ለእያንዳንዱ ክፍል የተለየ መስመር፣ ለእያንዳንዱ መስመር ትንሽ መዝጊያ አለ። የአንድ ክፍል ወለል ቀዝቃዛ የሚሆነው ወይ መዝጊያው ስለ ተዘጋ፣ ወይ በቱቦው ውስጥ አየር ስለ ገባ፣ ወይ ደግሞ ከመጀመሪያው ቱቦ ስላልተዘረጋበት ነው። ቤቱ ሲሠራ የሠራተኛዋ ክፍል ዕቃ ማስቀመጫ ተብሎ በሥዕሉ ላይ ተጽፎ ከሆነ፣ መሐንዲሱ ከነጭራሹ አላሰላውም።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የእናንተው መወልወያ ይበቃል። ሾፋጁ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ቆይቶ ወለሉን በስሱ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉና ቁማችሁ ተመልከቱ። ቱቦ ያለበት ቦታ ቀድሞ ይደርቃል፤ በባላጡ ላይ መስመር መስመር ሆኖ ይታያል። በሳሎኑ እንዲህ ከታየ በእናንተ ክፍል ግን ሁሉም እኩል እርጥብ ሆኖ ከቆየ፣ ወይ ተዘግቷል ወይ ቱቦ የለም። ኮሌክተሩን ራሳችሁ አትክፈቱ፣ መዝጊያም አታዙሩ። የሌላው ክፍል ውኃ ሊቀንስ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ በቤቱ ለሚበላሸው ሁሉ ተጠያቂ ትሆናላችሁ። ቧንቧ ሠራተኛው፣ ሳንጋሪው፣ በዓመት አንዴ ለጥገና ሲመጣ ማዳም እንድትጠይቀው ማድረግ የተሻለ ነው። ግድግዳ ላይ ምስማር መምታት እንጂ ወለል መብሳትም ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ቱቦው ከተወጋ ባላጡ ሊነሣ ነው።

ማዳምን ስታናግሩ ያቺ 560 ትጠቅማችኋለች። ከእርሷ ጋር ስለ ዋት አትከራከሩም፤ ስለ ማዞት ግን ትሰማለች። አንድ ሊትር ማዞት ሲቃጠል 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል። 560 ዋት ለ24 ሰዓት 13 ተኩል ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ቦይለሩ የሚያባክነውን ጨምረን በጣም ቀዝቃዛ በሆነው ቀን አንድ ሊትር ተኩል ማዞት ማለት ነው፤ በመካከለኛው ቀን ደግሞ ግማሹ። ከዚህም ላይ መዝጋቱ ይህን ሁሉ አያተርፍም። የቀዘቀዘችው ክፍል ከጎኗ ካለው ከማእድ ቤቱና ከመተላለፊያው በስስ ግድግዳ በኩል ሙቀት ትስባለች፤ ስለዚህ ከሚቆጠበው ጥቂቱ በሌላ በኩል ይወጣል። የቀዘቀዘው ግድግዳ ላብ ያወጣል፣ ጥቁር ሻጋታም ያበቅላል፤ ሻጋታው ደግሞ በዚያች ክፍል አይቀርም፣ የተቀመጠውን ልብስና ሰጃዳ ይይዛል።

እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በሊባኖስ በተፈጠረው የገንዘብ ቀውስ ማዞት ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ወጪ ሆኗል፤ ይህን እናውቃለን፣ እናንተም ደመወዛችሁ ሲዘገይ አይታችሁታል። ማዳም በራሷ ክፍል ሹራብ ደርባ የምትቀመጥበት ቤት አለ። በዚያ ቤት የሚባለው ሌላ ነው። ሳሎኑ 23 ዲግሪ ሆኖ የአንዲት ሴት መኝታ 9 ዲግሪ በሆነበት ቤት ግን ጉዳዩ የማዞት አይደለም። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2ን የምታነቡ ታውቁታላችሁ፤ ማዳማችሁም ክርስቲያን ከሆነች በራሷ ቋንቋ አላት። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን አያካትትም፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ወጥ የሥራ ውል ግን አሠሪው ክብሯንና የግል ሕይወቷን የሚጠብቅ መኖሪያ ሊሰጣት ግዴታ ይገባል። ውሉን ጠቅሶ መጀመር ነገር ያካርራል። «ማዳም፣ ኦድቲ ክቲር ባርዴ» ብሎ መጀመርና ክፍሉ ድረስ ይዟት መሄድ ይሻላል፤ ብዙዎቹ በሌሊት ገብተውበት አያውቁም።

ቱቦው ከሌለስ?

ቱቦ ካልተዘረጋ ባላጡ አይነሣም። ያን ጊዜ መፍትሔው ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ ዳፋያ ነው። እዚህም ሒሳቡ ያግዛል። ቤታችሁ በጄኔሬተር ኢሽቲራክ 5 አምፔር ከሆነ፣ 5 ሲባዛ በ220፣ ቤቱ በሙሉ ያለው 1,100 ዋት ነው። 2,000 ዋት ዳፋያ ስትሰኩ የሚጠፋው በዚህ ነው። ክፍሏ የምትፈልገው ግን 560 ነው። በውስጡ ዘይት ያለበት ዳፋያ ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ ደረጃው 600 ዋት ገደማ ነው፤ በዚያ ደረጃ ፍሪጁም ሳይጠፋ ይሠራል። ከመጋረጃና ከብርድ ልብስ ራቅ አድርጉት፣ ልብስ አታድርቁበት፣ ከግድግዳው ሶኬት እንጂ በማራዘሚያ ገመድ አትሰኩት።

በበረንዳ ላይ በአሉሚኒየምና በመስታወት ተከልሎ የተሠራ ክፍል የምታድሩ ግን እውነቱን እንንገራችሁ። ያችኑ 6 ካሬ ሜትር በሦስት በኩል ወደ ውጭ ስናዞራት፣ አንዱንም ጎን በከፊል መስታወት ስናደርገው፣ ነፋሱም በእጥፍ ሲገባ፣ ድምሩ ከ1,400 ዋት ያልፋል። ያውም ጣሪያውንና ወለሉን ሳንቆጥር። ለአንድ ካሬ ሜትር 240 ዋት ይመጣል፤ ከወለሉ አቅም በእጥፍ ይበልጣል፣ ትንሿም ዳፋያ አትችለውም። ይህ የተሰነጠቀው እንስራ ነው። በክረምት ወራት ማታ ማታ ማእድ ቤት ውስጥ ወይም ልጆቹ ክፍል መተኛትን መጠየቅ፣ ማሞቂያ ከመጠየቅ ይቀድማል። እስከዚያው የመስታወቱን ዙሪያ በጨርቅ መድፈን፣ ወፍራም መጋረጃ እስከ መሬት ማውረድ ከሚፈሰው የተወሰነውን ይቀንሳል።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን እዚህ ላይ ነው። ብርዱ ሲጠና ቡና የተፈላበትን ከሰል፣ ወይም ለሥጋ ጥብስ የተቀጣጠለውን ማንቀል፣ ወደ ክፍል አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት አለ። እህቶቻችን፣ ይህን አታድርጉ። ከሀገር ቤት ጎጆ ጋር አታስተያዩት፤ ጎጆው በክዳኑ ይተነፍሳል፣ ይህ ክፍል ግን ኮንክሪትና አሉሚኒየም ነው፣ ያውም እናንተው ቀዳዳውን በጨርቅ የደፈናችሁት። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ጢሱ ጠፍቶ ፍም ሲሆን አደጋው አለፈ የሚባለው ስሕተት ነው፤ ፍሙም ያወጣዋል። ጋዙ ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ስለሆነ፣ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ አየር ያጣል። የተኛ ሰው አይነቃም። ነቅቶ ያለ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ብዙዎች ጉንፋን ነው ይላሉ። ጭስ ማውጫ በሌለው የጋዝ ሶባ አጠገብ መተኛትም ያው ነው።

አንዲት ጓደኛችሁ እንዲህ ሆና ብታገኙ በሩንና መስኮቱን ክፈቱ፣ ወደ ውጭ አውጧት፣ ወዲያውም ደውሉ፤ በሊባኖስ ቀይ መስቀል 140፣ ሲቪል መከላከያ 125፤ በዮርዳኖስ ላላችሁ 911። «ፋሕም» በሏቸው፤ ከሰል ማለት ነው፣ ምን ይዘው እንደሚመጡ ያውቃሉ። የመኖሪያ ፈቃድ ስለሌለኝ ብላችሁ ሳትደውሉ አትቅሩ።

የክፍላችሁን ሒሳብ መሥራት ለምትፈልጉ፦ የወለሉን ርዝመትና ወርድ፣ ከፍታውን፣ ወደ ውጭ የዞረው ግድግዳ ስንት እንደሆነ፣ የመስኮቱን ልክና መስታወቱ ነጠላ ወይም ድርብ መሆኑን በወረቀት ጽፋችሁ አምጡ። ሜትር ከሌላችሁ በስንዝር ይሁን፤ የስንዝራችሁን ልክ እዚህ እንለካዋለን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ አብረን እናሰላዋለን። እሑድ መውጣት የማይፈቀድላችሁ በጓደኛ ላኩልን፣ መልሱን በእርሷ በኩል እንልካለን።